በጅብራ ረግረግ ስንት መርከብ ቆመ

ጥያቄ አሥራ አራት እንዲህ ይላል፦ «ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት በጥብቅ ሥፍራው ኮራል ላይ መልሕቅ የጣሉ መርከቦች ብዛት ስንት ነው?»

እኔ የተቀመጥኩት ላይ ጋይንት ነው። ከንፋስ መውጫ ሦስት ሰዓት በእግር ወጥቼ፣ ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥበት ደጋ ላይ፣ አንድ የድንጋይ ካብ ተደግፌ ታብሌቱን ጭኔ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከፊቴ የጅብራ ረግረግ ተዘርግቷል፤ ዳር ዳሩን የጓሳ ሣር፣ ወደ ውስጥ እንግጫ፣ መሀሉ ላይ ውሃ፣ ውሃው ላይ አራት ዳክዬ። መርከብ የለም። በዚህ አካባቢ መርከብ ያየ ሰው ቢኖር በቴሌቪዥን ነው።

«ምን ይላል?» አሉኝ የረግረጉ ጠባቂ አያ ደምሌ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ወሬ የማይደክማቸው ሰው ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ስለ ጎረቤታቸው በቅሎ፣ ስለ ዘንድሮው ገብስ፣ የእስቴ ልጅ መሆኔን ካወቁ በኋላ ደግሞ ስለ እስቴ ሰው ተንኮል ሲነግሩኝ ነበር።

«መርከብ መጥቶ ያውቃል ወይ ነው የሚለው።»

ረግረጉን አዩት። ቀጥለው እኔን አዩኝ። «በየት በኩል?»

«እኔ ምን አውቄ አያ ደምሌ!»

ሳልፈልግ ጮህኩባቸው። መጋቢት ነው፣ ዐቢይ ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፤ በዚያ ላይ ከፊቴ መልስ የሌላቸው ጥያቄዎች ተደርድረዋል። ጥያቄ አሥራ አምስት ስለ ባሕር ኤሊዎች ነው። አሥራ ስድስት ስለ ጠላቂ ዋናተኞች ነው። 

ቀኑ ሲጀምርም አላማረም ነበር። ጠዋት እዚህ ስደርስ አንዲት አሮጊት ድንጋይ በጀርባቸው አዝለው፣ በገመድ ደረታቸው ላይ አስረው፣ ጎብጠው ሽቅብ ይወጣሉ። «እንደምን አደሩ እናቴ!» አልኳቸው። መልስ የለም። አልሰሙኝም ብዬ ጠጋ አልኩና «ላግዝዎት» ብዬ ድንጋዩን ልይዝ እጄን ስዘረጋ፣ እሳት እንደነካው ሰው ሸሹኝ። አያ ደምሌ ከኋላዬ ነበሩ። ለዳክዬ እንኳ ሰላምታ የሚሰጡ ሰው፣ ለአሮጊቷ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ተራራው ማየት ጀመሩ። የተጣሉ ናቸው ማለት ነው አልኩ በልቤ። ለአገሩ እንግዳ ለሆነ ሰው ሰላምታ መንፈግ ግን ምን የሚሉት ጋይንቴነት ነው?

የቅጹን ነገር ከሥሩ ልናገር።

ጥብቅ ሥፍራዎች በየሦስት ዓመቱ ይመዘናሉ። እንዴት ተይዘዋል፣ ማን ይጠብቃቸዋል፣ ደንቡን የጣሰ ምን ይደረጋል የሚል ምዘና ነው። እኔ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ስሆን አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ መመዘኑን አልጠላም። ዘንድሮ ግን አንድ ፕሮጀክት አዲስ ቅጽ ላከልን። ቅጹ የተሠራው ለባሕር ነው። ከዚህ በጣም ሩቅ ያለ አንድ ጠረፍ ላይ ዓሣና ኮራል ለሚጠብቁ ሰዎች ተብሎ፣ በደንብ ታስቦበት የተዘጋጀ ነው፤ ለእነሱ ግሩም ቅጽ ሳይሆን አይቀርም። ወደ እኛ ሲያልፍ አንድ ሰው ርዕሱ ላይ «የባሕር» የሚለውን አጥፍቶ «የደጋ» ብሎ ጻፈበት። ከርዕሱ በታች ያለውን ለማስተካከል ግን ምሳ ሰዓት ደርሶበት መሰለኝ፣ እንዳለ ተወው።

ለኃላፊዬ ለአቶ ጥበቡ ተናገርኩ። ሌላ ወረቀት እየፈረመ ሰማኝና ስሜን አቆላምጦ መለሰልኝ።

«የንዬ፣ ቅጹ የእኛ አይደለም። ሞልተሽ መላክ ነው።»

«ኮራል የለንም እኮ!»

«እንደሌለን እኔም አውቃለሁ» አለ፤ ቀና እንኳ አላለም። «ባዶ ብቻ እንዳትልኪው።»

ፕሮጀክቱ ዘንድ ደወልኩ። ኢያሱ የሚባል ልጅ አነሳ፤ ድምፁ ጨዋ ነው፣ ቁጣዬን የት እንደማሳርፈው እስኪጠፋኝ ድረስ ጨዋ ነው። «እህቴ፣ ሲስተሙ ነው እንጂ እኛ አይደለንም» አለኝ። «'አይመለከተውም' የሚለውን ከነካሽ ዜሮ ነው የሚይዘው። ስኮሩ ከስድሳ በታች ከሆነ ደግሞ ሳይቱ ከሊስት ይወጣል።»

«አንተ ኮራል አይተህ ታውቃለህ?»

«እኔ የዳታ ክፍል ነኝ እህቴ።»

ረግረጉ ከዝርዝሩ ከወጣ ምን እንደሚከተል ንፋስ መውጫ ውስጥ የማያውቅ የለም። ቦይ ተቆፍሮለት ይደርቅና ለድንች ይታረሳል። የድንቹ ጥያቄ ከገባ ቆይቷል፤ ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ የእኔን ውጤት ይጠብቃል። ከረግረጉ በታች ደግሞ ሰባ ቤት የሚጠጣው አንድ ምንጭ አለ። ረግረጉ ከደረቀ ምንጩ ይደርቃል። ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ አንዴ ደርቆ ታይቷል።

ስለዚህ ካቡን ተደግፌ አሰላሁ። ክፍል አንድና ሁለት ስለ ድንበሩ፣ ስለ ሣሩና ስለ ውሃው ነው፤ ከአርባው ሠላሳ ስድስት አገኘሁ፤ ሐቀኛ ሠላሳ ስድስት። ክፍል ሦስት መርከቡ፣ ኤሊውና ኮራሉ ነው፤ ከሠላሳ ዜሮ። ክፍል አራት ሕግ ማስከበር ነው፤ እሱም ሠላሳ ነጥብ። የጅብራ ረግረግ ዕጣ ክፍል አራት ላይ ወደቀ፤ ሲስተሙ የሚዘጋው ደግሞ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

«አያ ደምሌ፣ አሁን ደህና ጥያቄ መጣ» አልኩ። «ባለፉት ሦስት ዓመታት ደንብ ሲጥሱ የተያዙ ሰዎች ስንት ናቸው?»

«አንድም።»

«አንድም? ማንም አልገባም?»

«ይገባል እንጂ!» ተቆጡ። «ሰው አይደለም እንዴ? ከብቱ ሲከሳበት ይገባል፣ ክዳኑ ሲያፈስበት ጓሳ ያጭዳል።»

«እርስዎ ምን ያደርጋሉ ታዲያ?»

«ዞር እላለሁ።»

ታብሌቱን ሣሩ ላይ አስቀመጥኩት። «ጠባቂ ነዎት እኮ! ሌባ ሲያዩ ዞር የሚሉ ጠባቂ ነዎት?»

«የጠፋ ከብት ሲገባ እመልሳለሁ፤ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ሲገባ እጮሃለሁ። የእኛ ሰው ግን ግዝቱን ያውቀዋል። እኔ ከያዝኩት ከእኔ ጋር ተጨቃጭቆ፣ ሽማግሌ ልኮ ያበቃል። ካልያዝኩት ከግዝቱ ጋር ነው የሚቀረው።»

ግዝቱን በዚህ መሀል ነገሩኝ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ረግረጉ በከብት ተረግጦ፣ ጓሳው ተነቅሎ፣ ምንጩ ደረቀ። ሴቶቹ ውሃ ከገደሉ ሥር ይቀዱ ጀመር፤ መውረጃው አንድ ሰዓት፣ መውጫው ሁለት። የአያ ደምሌ ባለቤት ሰርኬ አንድ ጠዋት ጀሪካን እንዳዘሉ ተንሸራተቱ። «አልሞተችም» አሉ አያ ደምሌ። «ግን ከዚያ ወዲህ ቀና ብላ አታውቅም። ፊቴን እንድታይ እኔ ዝቅ እላለሁ።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው እንደ ሌላው ወሬያቸው አልነበረም።

በዚያ ዓመት ደብሩ ተሰበሰበ። ካህናቱ መስቀል ይዘው ረግረጉን ዞሩና ከብት ያሰማራበትን፣ ሣሩን ያጨደውን፣ መሬቱን የቆፈረውን በቃለ ግዝት አወገዙ። በሦስት ዓመት አንዴ፣ ለክዳን ጓሳ፣ ለሦስት ቀን ይፈቱታል፤ ከዚያ መልሰው ይገዝታሉ። ምንጩ በሁለተኛው ክረምት ተመለሰ።

«የጣሰ ሰውስ?»

«ከነፍስ አባቱ ጋር ነዋ።»

የሰፈሩ ሰው አብዛኛው የነፍስ ልጅነቱ ለመምሬ ቀለመወርቅ ነው። የግማሽ ሰዓት ቁልቁለት ወርጄ ሄድኩባቸው። ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሥር ካለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ሞፈር ይጠርባሉ። መስቀል ተሳለምኩ፤ ነገሩን ከእነ ነጥቡ፣ ከእነ አሥራ አንድ ሰዓቱ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ «አልችልም» አሉ።

«አባቴ፣ ስም አልጠየቅኩም። ቁጥር ብቻ።»

«ልጄ፣ ሰባ ቤት ነው ያለው። አምስት ናቸው ብልሽ፣ ነገ ሰባው ቤት ተቀምጦ አምስቱ እነማን ይሆኑ እያለ ይተማማል። ደግሞስ እነሱ የተናገሩት ለእኔ ነው እንዴ?»

«ረግረጉ ይታረሳል እኮ!»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እኔም የምጠጣው ከዚያው ምንጭ ነው።» መጥረቢያቸውን አነሱ። «ግዝት መኖሩን ጻፊላቸው። እሱ ምስጢር አይደለም።»

ቅጹን ከፍቼ አሳየኋቸው። «ቅጣቱን የሚያስፈጽመው አካል» ከሚለው ሥር ምርጫዎቹ የባሕር ጠረፍ ፖሊስ፣ የወደብ አስተዳደር፣ ፍርድ ቤት፣ ሌላ የሚሉ ናቸው። «ሌላ» የሚለውን ሲነኩት ደግሞ ማኅተም ያለበት ሰነድ አያይዙ ይላል።

«ማኅተም የለውም» አሉ መምሬ። «የተገዘተው በቃል ነው።»

ኧረ በሕግ አምላክ! ያንን ዳገት ስመለስ ያልረገምኩት የለም። የቅጹን ላኪ፣ ጥበቡን፣ ጨዋውን ኢያሱን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና ካህኑንም። ረግረጉ እንዲጠፋ የሚፈልግ የለም፤ ጣቱን ላለማንሳት ግን ሁሉም ምክንያት አለው። እላይ ስደርስ ትንፋሼ ተቆርጦ፣ አያ ደምሌ ካቡ ላይ ተቀምጠው እንግጫ ያኝካሉ።

«እንዴት ሆነ?»

«እንዴት ይሆናል! እዚህ አገር የሚናገር ሰው ስለሌለ ነው የምትታረሱት። አንዱ ምስጢር ነው ይላል፣ አንዱ ዞር እላለሁ ይላል። ሰላምታ እንኳ የሚመልስ የለም! ያቺ የጠዋቷ አሮጊት፣ ላግዝዎት ብያቸው እንደ በሽተኛ ሸሹኝ እኮ!»

አያ ደምሌ ማኘካቸውን አቆሙ። «ላግዝዎት አልሻት?»

«ምን ክፋት አለው?»

«ድንጋዩን ልትይዥላት?» ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ወይ የእስቴ ልጅ! ወይ አንቺ!»

ከዚያ በዝግታ፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርገው ነገሩኝ። ግዝቱን የጣሰ ሰው ከተናዘዘ በኋላ ከገደሉ ሥር ድንጋይ አዝሎ ይወጣል። አንድ ይሁን አሥር፣ ለስንት ቀን ይሁን፣ የሚያውቁት እሱና ካህኑ ናቸው። ድንጋዩን የያዘ ሰው አይናገርም። ያየው ሰው ሰላም አይልም፣ አያግዝም፣ ስሙንም አይጠራም፤ ዞር ይላል። ካቡ ላይ አስቀምጦ ባዶ እጁን ሲመለስ፣ ያን ጊዜ እንደ ማንም ሰው ሰላም ይሉታል፣ ስለ ገብሱ ይጠይቁታል። ያልተናዘዘም እንዳለ አያ ደምሌ አልደበቁኝም። «እሱን ግን ካቡ ይነግረዋል፤ በየቀኑ በአጠገቡ ነው የሚያልፈው» አሉ።

የተደገፍኩትን ካብ ዞር ብዬ አየሁት። ወገብ የሚደርስ ነው፤ በረግረጉ ዳር ታጥፎ ታጥፎ ከዓይን ይጠፋል። ከብቱን ያስቆመውም፣ ጎርፉን የሚያበርደውም እሱ ነው። እኔ ይህን ካብ አውቀዋለሁ። የተቀጠርኩ ዓመት የመጀመሪያው ሪፖርቴ ላይ ጽፌዋለሁ፦ «በሕዝብ ንቅናቄ ዘመቻ የተሠራ የድንጋይ ካብ፣ አንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር።» ማንንም አልጠየቅኩም። ካብ አየሁ፣ ዘመቻ ነው አልኩ፣ በእርምጃ ለካሁ። ፎቶው እስከ ዛሬ ቢሯችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሰው በጀርባው ያወጣውን የነፍሱን ዕዳ ለዘመቻ ሰጥቼዋለሁ ማለት ነው። አፈርኩ፤ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

ኀፍረቱ ግን ብዙ አልቆየም፤ ሰዓቴን ሳየው ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። መዝገቡ እኮ ተገኘ! ሕግ ማስከበሩ፣ ማስረጃው፣ ሠላሳው ነጥብ እፊቴ ተክቦ ቆሟል። የቆየው ድንጋይ ሽበት አውጥቷል፤ አዲሱ ንጹሕ ነው። ንጹሑን ብቻ ብቆጥር የሦስት ዓመቱን ማግኘት እችላለሁ። ታብሌቱን አንስቼ ፎቶ ላነሳ ስል አያ ደምሌ መጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ።

«ዞር ይበሉልኝ አያ ደምሌ።»

«አይነሳም።»

«የማንም ስም የለበትም እኮ፤ ድንጋይ ነው!»

«ዛሬ ድንጋይ ነው። ነገ ይህ ለምንድነው ይላሉ፣ ትነግሪያቸዋለሽ። ከነገ ወዲያ አንዱ መዝገብ ይዞ መጥቶ እዚህ ይቀመጣል፤ ድንጋይ የያዘ ሲመጣ ስምህ ማን ነው፣ ስንት ጊዜ ገባህ ይለዋል። ከዚያ ማን ይሸከማል? ማንስ ይናዘዛል?»

«ካልጻፍኩት ደግሞ ይታረሳል። ገብቶዎታል? ድንች ይሆናል። ምንጩ ይደርቃል። ሰርኬ...» ስሙን ስጠራ አቆምኩ።

«ገብቶኛል» አሉ። ዓይናቸው ሞላ። ከእኔ ይልቅ እሳቸው እንደሚፈልጉት ያን ጊዜ አየሁ፤ እኔ ውጤት ነው የምፈልገው፣ እሳቸው ውሃ። «ገብቶኛል ልጄ። ቢሆንም አይጻፍም።»

 መሬት ላይ ቁጭ አልኩና በሶዬን አውጥቼ በጠበጥኩ፤ ሳልጠጣው ኩባያውን ይዤ ቀረሁ።  ደግነቱ አያ ደምሌ ዝምታ አይችሉም።

«ቆይ እስኪ» አሉ። «ኮራል ኮራል ስትይ ዋልሽ። ምንድነው?»

በንዴት ነው ያስረዳኋቸው። «ባሕር ውስጥ ያለ ነገር ነው። ድንጋይ ይመስላል፤ ግን ትንንሽ ፍጥረታት ናቸው የሚሠሩት። አንዱ በአንዱ ላይ እየጨመረ፣ ብዙ ዓመት ሲቆይ ረጅም ካብ ይሆናል። ማዕበሉን ያቆማል፣ ከጀርባው ያለውን ይጠብቃል። ካልነኩት ያድጋል፤ ከነኩት ይሞታል። በቃ ይኸው ነው።»

ካቡን አዩት። አልሳቁም፣ አልቀለዱም። «እንዲያ ከሆነማ አለን» አሉ።

አስቤበት ነው ማለት አልችልም። ኔትወርክ ያለው ከረግረጉ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው፤ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ቆሜ ክፍል ሦስትን እንደገና ከፈትኩት። የመጀመሪያው ጥያቄ «በጥብቅ ሥፍራው ውስጥ ኮራል አለ?» ይላል። ጠዋት «አይመለከተውም» ብዬ ነበር። አጠፋሁትና «አዎ» የሚለውን ነካሁ። ኮራል ምን እንደሆነ ትምህርት ቤት ተምሬአለሁ፤ ምን እያደረግኩ እንደሆነ አውቄ ነው የነካሁት።

ያቺ አንዲት «አዎ» በር ከፈተች። ጥያቄዎቹ ተራ በተራ መጡ። መልሕቅ የጣሉ መርከቦች፦ ዜሮ። በፈንጂ ዓሣ ያጠመዱ፦ ዜሮ። የነዳጅ መፍሰስ፦ ዜሮ። የተገደሉ የባሕር ኤሊዎች፦ ዜሮ። በጠላቂዎች እግር የተሰበረ፦ ዜሮ። በባሕር ሙቀት የሞተ፦ ዜሮ። ለእያንዳንዱ ዜሮ ሲስተሙ ሙሉ ነጥብ ሰጠኝ። «የኮራሉ ርዝመት በሜትር» ሲል አንድ ሺህ አራት መቶ ብዬ ሞላሁ። ክፍል አራት ላይ፣ ሕግ የጣሱና የተቀጡ፣ ዜሮ፤ እዚያ ላይ ዜሮ ማለት ዜሮ ነው። ሕግ የሚከበርበት መንገድ የለም የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ። በዚህ አገር እንደዚያ ካብ የተከበረ ሕግ አይቼ አላውቅም፤ ቀዩን ጽሑፍ አይቼ ታብሌቱን ገደል ልጨምረው ቃጣኝ። ድምር ስድሳ ስድስት። ላክሁት።

አያ ደምሌ ከታች ሆነው «እንዴት ሆነ?» ብለው ጮኹ።

«አይታረስም!» አልኳቸው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ደብዳቤው መጣ። የጅብራ ረግረግ ለሦስት ዓመት በዝርዝሩ ውስጥ ይቆያል፤ የድንቹ ጥያቄ ተዘግቷል። መጨረሻው ላይ ደግሞ «በተለይ በኮራል አያያዝ ለታየው አርአያነት ያለው ውጤት» ምስጋና አለበት። አቶ ጥበቡ በስብሰባ ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ሞርዶ አነበበው። ተጨበጨበ። ኮራል ምንድነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም፤ አንድ! እኔ ከተሰቀለው ፎቶ ሥር ተቀምጬ ነበር፣ አንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር፣ በሕዝብ ንቅናቄ ዘመቻ። ማጨብጨብ ቀርቶ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ሁለት ውሸት፣ ሁለቱም በእኔ እጅ የተጻፈ፣ ሁለቱም የተመሰገነ።

የነፍስ አባቴ እስቴ መካነ ኢየሱስ ናቸው። ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ግን የሄድኩት መምሬ ቀለመወርቅ ዘንድ ነው። ሞፈሩ አልቆ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ምን እንዳልኳቸው፣ ምን እንዳሉኝ አልናገርም።

የዚያኑ ዕለት ጠዋት ኢያሱ መልእክት ልኮልኝ ነበር፦ «እህቴ እንኳን ደስ ያለሽ! ለዓመታዊው ሪፖርት ሽፋን የኮራሉን ፎቶ በአስቸኳይ ላኪልኝ።» አልመለስኩለትም። ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ገደሉን ወረድኩ።

ድንጋዩ ሲያዩት ትንሽ ነበር። መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ አከርካሪዬን ይቆጥረው ጀመር፤ ገመዱ ደረቴን ቆረጠኝ። ሰርኬ ውሃ ያዘሉት በዚህ መንገድ ነው፤ በየቀኑ፣ ጀሪካን ሙሉ። አንድ ገበሬ ከነአህያው ቁልቁል መጣ። ሩቅ ሳለ እያፏጨ ነበር፤ ጀርባዬን ሲያይ ማፏጨቱን ተወ፣ አህያውን ወደ ዳር ጎተተና ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ አሳለፈኝ። አያውቀኝም። አለቀስኩ፤ ድካም ነው ብዬ ልሸፍነው አልፈልግም፣ አለቀስኩ።

እላይ ስደርስ አያ ደምሌ እንደ ልማዳቸው ካቡ ላይ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ አዩኝ፤ አፋቸው ተከፈተ፣ «የእስቴ ልጅ!» ሊሉ እንደሆነ ከንፈራቸው ላይ አየሁት። ከዚያ ድንጋዩን አዩ። ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉና ጀርባቸውን ሰጡኝ።

በዚህ ጊዜ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። እጆቼ ገመዱን ይዘዋል። ጮኸ፣ ጮኸ፣ አቆመ፤ እንደገና ጀመረ። ዳክዬዎቹ ደንግጠው ተነሡ። ኢያሱ ነው፣ ፎቶውን ፈልጎ። ስለ በቅሎ ሁለት ሰዓት የሚያወሩት አያ ደምሌ፣ ሙሉ ቀን ዝም ማለት የማይሆንላቸው አያ ደምሌ፣ ተራራውን እያዩ ቆመዋል።

ስልኩ ሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። ድንጋዬን አወረድኩና ከአሮጊቷ ድንጋይ አጠገብ ክፍተት ፈልጌ አስቀመጥኩት። ባዶ እጄን እስክመለስ ድረስ አያ ደምሌ አልዞሩም።